ሁለት ካሜራ ይዘን ጭሮ ሰርግ ሄድን

ጭሮ ደርሼ ተመለስኩ። «እዚያ ምን አለ?» ላላችሁኝ ሁሉ አንድ ጊዜ ልመልስና ልገላገል። ተራራ አለ፤ ጫት አለ፤ እንግዳ ሲያይ ራሱን የሚረሳ ሰው አለ። ተራራውን ግን በደንብ አላየሁትም። ባለቤቴ ግርማ ደህና ተራራ ባየ ቁጥር መኪና እያስቆመ በሁለት ካሜራ ያነሳል፤ ከዚያ ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አጎንብሰን ቅጠሉ በየትኛው ጎልቶ እንደወጣ እንጨቃጨቃለን። ቀና ስንል መኪናው ተራራውን አልፎታል።

የጭቅጭቁን መነሻ ልንገራችሁ። ኮተቤ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችን። የግርማ ካሜራ ከተበላሸ ወዲህ የምንሠራው ከማግባቴ በፊት በራሴ ላብ በገዛሁት ካሜራ ነው። እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፤ ሲያሰኘው ይቀማኝና ያነሳል። ካሜራው አሮጌ ነው፤ የመያዣው ጎማ ተልጦ በፕላስተር አስሬዋለሁ። ዋናው ኃጢአቱ ግን፣ እንደ ግርማ አባባል፣ ሴንሰሩ ትንሽ መሆኑ ነው። ሴንሰር ማለት ድሮ ፊልም ይዘረጋበት በነበረው ቦታ ላይ ያለች፣ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ተቀብላ ምስል የምታደርግ ጠፍጣፋ ነገር ናት። የኔ ካሜራ ሴንሰር ግርማ ሊገዛው የቋመጠለትን ካሜራ ሴንሰር ግማሽ እንኳ አያክልም። ይህን ካወቀ ጀምሮ ሰውዬው ሰላም የለውም። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ይውላል፤ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆሞ «ብርሃን ማለት ዝናብ ነው፣ ሴንሰር ማለት ባልዲ ነው» ይለኛል። ባልዲ መሸከም የማን ሥራ እንደሆነ ግን ቪዲዮው ላይ አልነገሩትም።

ዕቅዱ ይህ ነበር። የኔ ይሸጣል፤ ተጨምሮበት ትልቁ ይገዛል። «አንድ ደህና ካሜራ ይበቃናል» አለኝ፤ «አንዳችን እናነሳለን፣ አንዳችን ፍላሽ እንይዛለን።» ፍላሽ ያዡ ማን እንደሆነ አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ወደ እኔ ሲዞር አየሁት። ደነገጥኩ፤ አልዋሽም። ከፎቶ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም፤ መብራት ተሸክሞ ከባል ኋላ ኋላ መሄድ ደግሞ ሙያ አይደለም። ተሟገትን፣ ተኳረፍን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ግርማ የቋመጠለትን ካሜራ የሚሸጠው ሰው ለሙከራ ያውሰዋል። የግርማ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ጀማል ጭሮ ላይ እህቱን ሊድር ነውና ሰርጉን በሁለቱም ካሜራ እናነሳለን። ዳኛው የጀማል ቤተሰብ ይሆናል፤ ይህን ያመጣው ራሱ ግርማ ነው፤ «እነሱ አያዳሉም» ብሎ። ትልቁ ከበለጠ የኔ ይሸጣል፤ ካልበለጠ ግርማ ስለ ሴንሰር ዳግመኛ አያነሳም። እሺ አልኩ።

አንደኛው ቀን

የተሳፈርነው አዲስ አበባ ጫት አራግፎ በሚመለስ የጀማል መኪና ነው። የጫት መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ያዝንልኛል። ጫት ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ ካልተሸጠ ጫት አይባልምና ሾፌሮቹ ፍሬን የሚረግጡት ነዳጅ ሲያልቅ ብቻ ነው። የኛው ሾፌር መኪናው ባዶ ሆኖም ልማዱን አልተወም። አዳማን አየኋት ማለት አልችልም፤ አለፈችኝ። ኮተቤ ላይ ታክሲ አንድ ፌርማታ ለመሄድ የሚፈጅበትን ጊዜ ሳስበው ግን ትንሽ ቀናሁ።

አዋሽን አልፈን አሰቦት ስንደርስ፣ ነጠላ የለበሱ ምዕመናን ወደ ገዳሙ ተራራ በእግራቸው ሲሄዱ አየን። እኔ መኪናው ውስጥ እንዳለሁ ተሳለምኩ። ግርማ «አቁምልኝ» አለ።

«ምን ረሳህ?» አለው ሾፌሩ።

ተራራ ሊያነሳ መሆኑን ሲሰማ በመስታወቱ እኔን አየኝ። ሕመምተኛ ባሏን ይዛ ወደ ጠበል የምትሄድ ሴት መስዬው ሳይሆን አይቀርም። ምንም ሳይለኝ አቆመ፤ ደግ ሰው ነው።

ሚኤሶ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠዋት ከቤት ስንወጣ የደረብኩትን ሹራብ የት እንደምጥለው ጠፋኝ። መንገድ ዳር የግመል ወተት የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር፤ ግርማ አያቸውና የመጀመሪያው ሙከራ እዚሁ ነው አለ። ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ያመጣው ሌንስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን እየነቀልን በየተራ ሁለቱ ካሜራዎች ላይ እንገጥማለን። «ሌንሱ ከተለያየ ያወዳደርነው ሴንሰሩን ሳይሆን ሌንሱን ነው» አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

አንድ ነገር ግን ረሳ። የኔ አሮጌ ካሜራ ሌንሱ ሲነቀል ሴንሰሩ ፊት ለፊት መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ኋላ መጋረጃ አለ። ሴንሰሩ ቤቱ ውስጥ ነው። አዲሱ ካሜራ መስታወት የሚባል ነገር የለውም፤ ሌንሱ ሲነቀል ያ ሁሉ የተወራለት ሴንሰር ራቁቱን ነው። ግርማ ይህን ራቁት ነገር ይዞ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። ከጅቡቲ የሚመጡ የጭነት መኪኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ ዝናብ ካጣ የሰነበተው አፈር በየጎማው ሥር ይነሳል።

«መኪናው ውስጥ ገብተህ ቀይር» አልኩት።

«ብርሃኑ ይለወጥብናል» አለኝ።

አዲሱ ላይ ገጥሞ አነሳ፤ ነቅሎ ለኔ ሰጠኝ። ትንሽ ሴንሰር በአንድ ሌንስ የሚያየው የሥዕሉን መሀል ብቻ ነው፤ እሱ ያነሳውን ያህል ለማንሳት እኔ ወደ ኋላ መራቅ አለብኝ። ራቅሁ። የሴትየዋ የወተት ጀሪካን ከኋላዬ እንዳለ ያወቅሁት ተረከዜ ሲመታው ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ወተቱ አፈር ላይ ፈሰሰ።

ሴትየዋ ብድግ አሉ። «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው? እሱ አነሳኝ አይደል እንዴ? አንቺ ደግሞ ምን ጎድሎኝ ነው የምታነሺኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ካሜራዎቹን እያወዳደርናቸው ነው።»

«እኔንስ ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

ሾፌሩ ሳቀ። ልከፍላቸው ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዙኝና፣ ከተረፈው ወተት በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። «ጠጪ፣ ደክሞሻል» አሉኝ፤ ሲሉኝ የሚያዩት ግርማን ነው። ጠጣሁት። ጭስ ጭስ ይላል፣ ጨው ጨው ይላል፣ ሆድ ያርሳል። ለግርማ አልቀዱለትም።

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። አልጋ የያዝንበት ፔንሲዮን ደርሰን ፊታችንን ሳንታጠብ ጀማል መጣ። ጀማል ጫት ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ገበያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ድምፅ ነው። «አቦ ግርሜ፣ እኔ ቤት እያለኝ አንተ አልጋ ትይዛለህ?» አለና ቁልፉን ለፔንሲዮኑ መልሶ ሻንጣችንን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ቤት ስንደርስ ሚስቱ ሰሚራ የማሽላ እንጀራ በሥጋ አቀረበች፤ በላዩ ላይ ሆጃ መጣ፤ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል የተደረገበት ነው። እናቱ አዴ ሩቂያ አጠገቤ ተቀምጠው በቃኝ ብዬ እንኳ ሳልጨርስ ያጎርሱኛል። «አሰበ ተፈሪ መጥተሽ ሳትበይ?» ይሉኛል፤ ጭሮ የሚለውን ስም ለልጆቹ ትተውታል። እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ በልባችን ቀድመን የምንጠይቀው መቼ እንደሚሄድ ነው። እዚህ ግን ስለመሄድ ሳነሳ የሰሚራ ፊት ይለወጣል።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ጀማል ወደ ጫት ተራ ወሰደን። ግርማ «የአረንጓዴ ቀለም ፈተና» ብሎታል። ጫት ተራው በቢጫ ሸራ የተጠለለ ነው፤ ከሥሩ ሰው ሁሉ ቢጫ ነው፣ ግርማም ጭምር። ጀማል በዚያ ጠዋት ከተቆረጠው መርጦ አንድ እስር በኮባ ቅጠል ላይ ዘረጋልን። በኩራት ነው የዘረጋው፤ ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው።

ግርማ በትልቁ አነሳና ስክሪኑን ለተሰበሰበው ነጋዴ አሳየ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አዩና «ይሄ የትላንት ጫት ነው» አሉ።

«የዛሬ ነው፣ አሁን ያነሳሁት ነው» አለ ግርማ።

«ልጄ፣ እኔ ጫት ሳላውቅ አላረጀሁም። ይሄ ያደረ ነው።»

የጀማል ፊት ሲቀላ አየሁ። ጫት ነጋዴን ሌባ ብትሉት ይከራከራችኋል፤ ያደረ ጫት ሸጠ ካላችሁት ግን ሰላምታ ያቋርጣችኋል። ግርማ ማስረዳት ጀመረ። ሸራው ቢጫ ስለሆነ ነው፤ ካሜራው ነጩን ነገር በትክክል አላወቀም፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚናገረው እጁ ላይ አረንጓዴ ጫት ለያዘ ሰው ነው። እኔ ዝም ብዬ እስሩን ከሸራው ውጭ አውጥቼ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩና በአሮጌው አነሳሁት። ሽማግሌው አዩት። «እንግዲህ ይሄ የዛሬ ነው» አሉ።

«ቦታ ቀይረሻል፤ ይሄ አይቆጠርም» አለኝ ግርማ።

እውነቱን ነው፤ አይቆጠርም። በትልቁም እዚያው ጥላ ውስጥ ቢያነሳው ያው አረንጓዴ ይወጣ ነበር። ግን ሳይጠይቀኝ አልነገርኩትም። ጀማል «ያንን የመጀመሪያውን አጥፋልኝ» አለው፤ ግርማ ሲያጠፋ ከኋላው ቆሞ አረጋገጠ። ከዚያ ወደ ቤት እስክንገባ ድረስ የሚያወራው ከኔ ጋር ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

የሙሽራው ወገን የሚመጣው ከመቻራ ነው፤ ቡና ነጋዴዎች ናቸው። መንገዱ ክፉ ስለሆነ ዘገዩ። በዚህ መሀል ሴቶቹ ሙሽራዋን ኢክራምን የሚያስውቡበት ክፍል ተከፈተ። ግርማ ሁለቱንም ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሊገባ ሲል አዴ ሩቂያ በሩ ላይ ቆሙበት።

«ወዴት ነው?»

«ላነሳ ነው አዴ።»

«እዚህ ወንድ አይገባም። እሷ ትግባ።»

ግርማ ቆሞ አሰበ። ሐሳቡ ሰርጉ አልነበረም፤ መጋረጃው የተዘጋ ክፍል፣ መብራትም የጠፋበት፣ ለትልቁ ሴንሰር የተሠራ ጨለማ በሩ ላይ አምልጦት ነው። ሁለቱንም ካሜራ አንገቴ ላይ አደረገልኝና ትእዛዝ ጀመረ። አዴ ሩቂያ በሩን ዘጉበት። ከውጭ ሆኖ «ሌንሱን ሙሉ ክፈቺው!» እያለ ሲጮህ ውስጥ ያሉት ሴቶች ድቤ መምታታቸውን ትተው አዳመጡት።

«ባልሽ ነው?» አለችኝ አንዷ።

«ነው።»

«አይዞሽ» አለችኝ፤ ድቤው ቀጠለ።

አዴ ሩቂያ ከማንሳቴ በፊት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እዚህ ሁላችን ፀጉራችንን ገልጠናል። የዚህ ቤት ፎቶ ወንድ አያየውም። ባልሽም ቢሆን።» ቃሌን ሰጠኋቸው።

ከዚያ ሠራሁ። ሌንሱን በነጠላዬ ሥር እየነቀልኩ፣ አንዴ በትልቁ አንዴ በትንሹ። ሰሚራ ከአጠገቤ አልጠፋችም፤ በመንደሩ ሰርግ ሁሉ የሴቶቹን ክፍል በስልክ የምታነሳው እሷ ናት። «እዚህ ከተማ ካሜራ የያዘ ሁሉ ወንድ ነው» አለችኝ፤ «የኛ ፎቶ ሁሉ ብዥ ያለ ነው።» ከሁሉም አንዱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አዴ ሩቂያ ሂና ያልደረቀበትን የልጃቸውን እጅ ዘርግተው በአፋቸው እፍ ይሉበታል፤ እፍ ሲሉ እንባቸው ይወርዳል፤ እንባው ሂናውን እንዳያበላሽ ፊታቸውን ያዞራሉ። የኔ እናት ስትድረኝ በጭፈራ ነበር የሸኘችኝ፤ አለቀሰች አላለቀሰች አላየሁም።

መቻሬዎቹ አቧራ ለብሰው ደረሱ፤ ምሳ ተበላ፤ የጋራ ፎቶ በግቢው ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ሆነ። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ግርማ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበበ። አነሳ፣ ስክሪኑን አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይቅርታ፣ ዝንብ አለ። ሙሽራው ግንባር ላይ።»

ሙሽራው ግንባሩን ጠረገ። ግርማ ደግሞ አነሳ። «አሁን ጀማል ኮፊያ ላይ ሄደ።» ጀማል ኮፊያውን አራገፈ። ሦስተኛ ሲያነሳ ዝንቡ የሙሽራው ጥርስ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ዝንብ ፍለጋ ዞረ፤ ሽማግሌዎች በኩታቸው ጫፍ አባረሩ፤ አንዱ ቅጠል ቆርጦ መጣ። ዝንቡ ግርማ በዓይኑ ሲያይ የለም፤ ካነሳ በኋላ አለ። «ፈጣን ነው» ይላል ግርማ። ሰውየው ላቡ ጠብ እያለ የሚያባርረው ዝንብ የሚኤሶ አፈር ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቀዳዳው ሲጠብ እንዲህ ያለ አቧራ እንደ ነጥብ ይወጣል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀዳዳው ሰፊ ስለነበር አልታየም። ለማስረዳት ጠጋ ስለው «ቆይ ዝንቡን ልጨርስ» አለኝ። ተውኩት። ሌንሱን ሲሰጠኝ በአሮጌው አነሳሁ። ሙሽራው ፈገግታውን ይዞ ሲጠብቅ ጉንጩ ደንዝዞ ነበር፤ ዝንብ ግን አልነበረም።

አራተኛው ቀን

ኢክራም ወደ መቻራ ሄዳለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ጠዋት ከሰሚራ ጋር መኝታ ቤት ተቀምጠን የሴቶቹን ፎቶ አየን። ከምሳ በኋላ ዳኝነቱ ተሰየመ። ግርማ የውጭውን ፎቶ በላፕቶፕ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ በቴሌቪዥኑ ስፋት የሙሽራውን ሽፋሽፍት አሳየን። ከሽፋሽፍቱ በላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ጥቁሩ ነጥብ ድስት ክዳን አክሎ ተቀምጧል።

«ዝንቡ አይደለም እንዴ?» አለ ጀማል። በሚቀጥለውም አለ። በሚቀጥለውም። «በየፎቶው ቦታው አንድ ነው። አቦ ግርሜ፣ ይሄ ዝንብ ያንተ ነው።»

ግርማ ገባው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ የኔን ፎቶ አሳየን፤ ንጹሕ ነው። ለአንድ አፍታ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ግርማ ግን እጁን አልሰጠም። «አቧራ ይጠረጋል፤ የሴንሰር ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ጨለማ ላይ ነው። የውስጡን አምጪ።»

«የውስጡ አይታይም» አሉ አዴ ሩቂያ።

«አንድ ብቻ። ፊት አያስፈልገኝም፤ እጅ ብቻ።»

«የማን እጅ?» አሉት አዴ ሩቂያ። ጀማል «እኔም ወንድሟ ሆኜ አላይም፤ የሰው ሚስት አለበት» ብሎ ዓይኑን ወደ ጣሪያ አነሳ።

ጉድ እኮ ነው። ሰውዬው ያንን ሁሉ መንገድ የመጣለት ማስረጃ በእጄ ነው፤ እሱ ግን ሊያየው አይችልም።

አዴ ሩቂያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አይተሻል። የቱ ይበልጣል? የእውነቱን ንገሪን።»

መዋሸት እችል ነበር። ሰሚራ ዓይኔን ታያለች እንጂ አትናገርብኝም ነበር። ግን አዴ ሩቂያ ሂናው ላይ እፍ ሲሉ ያነሳሁትን ፎቶ አስታወስኩ። የኔ አሮጌ ካሜራ አንስቶታል፤ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ እንባው ከአሸዋው አይለይም። በትልቁ ግን የሂናው መስመር አንድ በአንድ፣ እንባውም ጉንጫቸው ላይ እንዳለ ይታያል። ያንን ፎቶ በእጄ አንስቼ የለም ማለት አልሆነልኝም።

«ትልቁ ይበልጣል» አልኩ። «በጣም ይበልጣል።»

ግርማ ከወንበሩ ተነሳ። «አላልኳችሁም? ካሜራሽ ይሸጣል፤ አለቀ።»

«አለቀ» አልኩት። «አንድ ካሜራ ይበቃናል፤ አንዳችን እናነሳለን፣ አንዳችን ፍላሽ እንይዛለን፤ ያልከው አንተ ነህ። ይሄ ካሜራ የሚበልጠው ጨለማ ቤት ነው። ጨለማው ቤት ደግሞ በሩ ላይ የቆምክበት ነው። ገብቶ የሚያነሳው ማን ነው?»

ሰሚራ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ግርማ ኮተቤ ላይ እንደዚህ ያለ በር እንደሌለ፣ አዲስ አበባ ሌላ እንደሆነ፣ ነገሩ ስለ ሴንሰር እንጂ ስለ በር እንዳልሆነ መናገር ጀመረ። አዴ ሩቂያ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ፍረዱልን ብለህ የመጣኸው አንተ ነህ» አሉት። «ካሜራው ቤት ሁሉ በሚገባ ሰው እጅ ይሁን። ፈርደናል።»

«ፈርደናል» አለ ጀማል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዱ ውስጥ የቆየው ጫት በዚያች ቃል ወጣለት።

አሮጌውን ካሜራ ሰሚራ ወሰደችው። ከዳኝነቱ በኋላ ቀስ ብላ መጥታ «ለሌላ ከሚሸጥ ለኔ ሽጪልኝ» አለችኝ፤ የጭሮ ሴቶች ፎቶ ብዥ ማለቱን ይተዋል። የፕላስተሩን መያዣ ሳስጨብጣት እጄ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ሌንስ ስትቀይር በነጠላ ሥር እንድትቀይር ነገርኳት።

በማግስቱ ስንመለስ ሚኤሶ ላይ ግርማ ሳይነገረው የመኪናውን መስኮት ዘጋ። ትልቁ ካሜራ ጭኔ ላይ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሲ ኤም ሲ አንድ ሰርግ ነበረን፤ አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ሙሽራዋ የእናቷን እጅ ይዛ ቆማለች። በገዛነው ትልቁ ካሜራ አየኋቸው፤ የእናትየው ግማሽ ፊት ጥላ ውስጥ ነው።

«ትንሽ ወደ ግራ» አልኩት።

ግርማ ፍላሹን ወደ ግራ አደረገ።